የማይሰማ ሰው እሺ ያበዛል

ውድ እትዬ ዘርፉ፣

እንደምን ሰነበቱ? የአርሲ ነገሌ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እህትዎስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። አዳማም እንደሚያውቋት ነች፤ ነፋሷ አቧራውን ከአንዱ ግቢ አንስታ ለሌላው ታድላለች፣ ዱሬቲ ብረት ትቆርጣለች፣ እኔ ድራም እመታለሁ።

ዕድሜዎን ሙሉ ሰውን ከሰው በስልክ ሲያገናኙ ለኖሩ ሴት ደብዳቤ መጻፍ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በስልክ ሲያወሩኝ ብዙው ቃል ያመልጠኛል፤ ያመለጠኝን ደግሞ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ አልፈዋለሁ። እርስዎ ይህችን እሺ ቀድመው ነቅተውባታል። ስለዚህ ልጻፍልዎ። ከግቢያችን የወጡት ነገሩ ገና ሳያልቅ ነው፤ የወጡትም ሳቅ ከኋላዎ እየተከተለዎት ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሊሰሙ ይገባል።

ከሥሩ ልጀምር። ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ ሆነው የሰሙትን እንጂ በኛ በኩል የነበረውን አያውቁትምና።

እኔ በአዘቦት ቀን እዚሁ ከተማ ሆቴል ውስጥ፣ ቅዳሜና እሑድ ሶደሬ፣ የሠርግ ሰሞን ደግሞ ባንዱ በተጠራበት ሁሉ ስመታ እኖራለሁ። መቀመጫዬ ከትልቁ ስፒከር አጠገብ ነው። ዱሬቲ በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ውስጥ ግራይንደር ይዛ ብረት ስትቆርጥ ትውላለች፤ ያ መሣሪያ ብረት ሲነካ የሚያወጣው ጩኸት ጥርስ ሥር ነው የሚገባው። ማታ ስንገናኝ ሁለታችንም ጆሯችን ውስጥ ፉጨት ይዘን ነው። እሷ እኔን አትሰማኝ፣ እኔ እሷን አልሰማት፤ ስለዚህ እንጮሃለን። ለኛ ግን ጩኸት አልነበረም፣ ጨዋታ ነበር።

አንድ ቀን ለእራት ሽንኩርት ልከትፍ ተቀምጬ ቢላው የት እንዳለ ጠየቅኳት። አልሰማችኝም። «ቢላው! ቢላውን አምጪ!» አልኩ፣ የግቢው ውሻ እስኪነሳ ድረስ። ቢላውን ሰጠችኝ። ሽንኩርቱን እየከተፍኩ በሥራ ቦታ የሰማሁትን ቀልድ ነገርኳት። ዱሬቲ ደግሞ ሳቅ ሲይዛት «ኧረ ገደልከኝ፣ ኧረ ጨረስከኝ» ማለት ልማዷ ነው። ያን ዕለት ሳቁ በዝቶባት ትንፋሽ አጥታ ዝም አለች። እርስዎ ከማዶ የሰሙት እንግዲህ መጀመሪያ ቢላው፣ ቀጥሎ ገደልከኝ፣ ከዚያ ጸጥታ ነው። በማግስቱ ቧንቧው ጋ ሲያገኟት እጇን ይዘው ከፊት ከኋላ ያገላበጧት ለምን እንደሆነ የገባን በጣም ቆይቶ ነው።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ጡረታ የወጡትን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አቶ ሰይፈሚካኤልን፣ ለዱሬቲም ወገን ይሁኑ ብለው ነው መሰለኝ ኦቦ ጆቴን አስከትለው ከምሳ በኋላ ወደ ቤታችን ገቡ። እኛ ለምን እንደመጡ አላወቅንም። ኦቦ ጆቴ «አካም ጅርቱ» ብለው ጀመሩ፤ ሰላምታዋን በደንብ ሰማናት። ከዚያ ግን አቶ ሰይፈሚካኤል ተራውን ያዙ። ሽማግሌ ነገር ሊያበርድ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ መሬት መሬት ያያል። እኛን የጎዳን ይሄ ወግ ነው።

«ልጆቼ» አሉ «እንዲያው በእውነት ፍቺ ፈልጋችሁ ነው?»

እኔ የሰማሁት ፍሪጅ ነው። ዱሬቲም የሰማችው ፍሪጅ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ስናልመው የኖርነው ዕቃ ስለሆነ እንግዶቹ በምን እንዳወቁልን እየገረመኝ ደስ አለኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ከፈለግን ቆየን» አልኳቸው።

አቶ ሰይፈሚካኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም ተስማምተንበታል» አለች ዱሬቲ ፈገግ ብላ። «በዚህ በአዳማ ሙቀት ያለ እሱ እንዴት ይኖራል?»

«በሙቀት ምክንያት?» አሉ ኦቦ ጆቴ።

«ማታ የሠራሁት ወጥ ጠዋት ተበላሽቶ ነው የማገኘው። እሱ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ካልጠጣ አይሆንለትም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔም ልቡን የከፈተ ሰው ሆኜ ቀጠልኩ። «እስከዛሬ የዘገየነው ቤቱ ጠቦን ነው እንጂ ነገሩስ አዲስ አይደለም። ከግቢው የቀረነው እኛ ብቻ ነን። እትዬ ዘርፉን ይጠይቋቸው፤ እሳቸው ስንት ዘመናቸው፣ ምን ያህል እንደጠቀማቸው ይነግሩዎታል።»

ከባለቤትዎ ከተለያዩ ብዙ ዓመት እንዳለፈዎት ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፣ እትዬ። ነጠላዎን አፍዎ ላይ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ የሳቁ መስሎኝ ነበር።

አቶ ሰይፈሚካኤል ግን የሥርዓት ሰው ናቸው። «ዕቃውንስ እንዴት ልታደርጉት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ዕቃውንማ ውስጡ ነው የምንከተው» አልኩ። «ሥጋውን ከላይ፣ አትክልቱን ከታች።»

በዚህ ጊዜ ኦቦ ጆቴ ከዘራቸውን መሬት መቱና ዱሬቲን ፊት ለፊት እያዩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ቆይ እስኪ ልጄ፣ ምንድን ነው የምትፈልጉት?» አሏት።

«ፍሪጅ ነዋ» አለች ዱሬቲ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል። ኦቦ ጆቴ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ደጅ ወጡ። ደጅ የወጣ ሳቅ ደግሞ ምክንያቱ ይጠየቃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢው ሁሉ ሰማ፤ በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እኛም ስቀናል፣ አልዋሽዎትም። ያልሳቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ቧንቧው ጋ «እትዬ ፍሪጅ» የሚል ስም እንደወጣልዎ ግን እኔ አልሰማሁም፤ ዱሬቲም አልሰማችም። በዚያ ሰሞን ያልሰማነው ብዙ ነው።

አርሲ ነገሌ እህትዎ ጋ ሊሄዱ ዕቃዎን ሲጭኑ ፍራሽዎን ባጃጁ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር አሉኝ፤ «እሺ» አልኩ። ደግመው አሉኝ፤ «እሺ እትዬ» አልኩ። በሦስተኛው ጆሮዬን በሁለት ጣትዎ ያዙና ወደ አፍዎ ጎትተው፣ ባለ ባጃጁ እያየ፣ «ይሄን ጆሮህን ተመርመር ነው የምልህ!» አሉኝ። ቀጥለውም «መስመር ሲበላሽ ማዶ ያለው ሰው እሺ ያበዛል። ስንቱን ሳገናኝ ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል?» አሉ። ባጃጁ ሄደ። እኔ ጆሮዬን እያሻሸሁ ቀረሁ።

ለዱሬቲ ስነግራት «እኔም ልሂድ» አለች።

ሄድን። ክሊኒኩ ውስጥ የጆሮ ምርመራ የምትሠራው ሲስተር በድሪያ ትባላለች፤ ቁጥብ፣ ፈገግታዋን የምትቆጥብ ሴት ነች። ከጠባብ ክፍል አስገብታ ሄድፎን ደፋችልኝና «ድምፅ ስትሰማ እጅህን አንሳ፣ ሲጠፋ አውርድ» አለችኝ። ቀጭን ፉጨት ሰማሁ፤ እጄን አነሳሁ። ፉጨቱ አልጠፋም፤ እኔም አላወረድኩም። ክንዴ እየዛለ ሄደ፤ ጎበዝ ተማሪ የሆንኩ መስሎኝ በሌላው እጄ ደገፍኩት። በመጨረሻ ሲስተር መጥታ አንዱን ጆሮ ገለጥ አደረገችና «ይትባረክ፣ ማሽኑን ገና አልከፈትኩትም» አለችኝ።

ዱሬቲ ደግሞ የተሻለ ዘዴ ነበራት። የሲስተርን ጣት በመስታወቱ እያየች፣ ቁልፍ በተነካ ቁጥር እጇን ታነሳለች። ሲስተር ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞራት እጇ ጭኗ ላይ ቀረ።

ውጤቱን ስትነግረን ቀስ ብላ፣ ፊታችንን እያየች ነበር። ወፍራሞቹን ድምፆች እንሰማለን፤ የሄዱት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ሰው እየተናገረ መሆኑን እንሰማና ቃሉን የምንስተው ለዚህ ነው። ቀጫጭኖቹ መቼ እንደሚመለሱ ጠየቅኳት።

«የሄደው አይመለስም» አለች። «የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል።»

ዱሬቲ አልያዘችውም። «ምን አለች?» ብላ ወደኔ ዞረች። ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ እኔ ነበርኩ የነገርኳት። ከሲስተር አፍ ስሰማው ሕክምና ነበር፤ ከራሴ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። እጄን ይዛ «እሺ» አለች። ይቺ እሺ የሰማ ሰው እሺ ነበረች።

አሁን መከላከያ መምረጥ መጣ። ዱሬቲ ሥራ ላይ ጥጥ እንደምትወትፍ በኩራት ተናገረች። ሲስተር «ጥጥ ለቁስል ነው። ለጩኸትስ ወንፊት ማለት ነው፤ ያሳልፈዋል» አለቻት። ለእሷ የተመረጠው እንደ ሄድፎን ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ትልቅ፣ ቢጫ መከላከያ ነው። ገዛንላት፤ የመጀመሪያው ቀን ተናዳ ገባች፣ ምንም አልቀነሰልኝም ብላ። ሲስተር ጋ ተመልሰን ስታጠልቀው ብታያት ለካ የመነጽሯ ወፍራም እጀታና ሹሩባዋ መሐል ገብተው ቀዳዳ ከፍተውለታል። «በር ገርበብ ካለ ቁልፉ ምን ይረባል?» አለቻት ሲስተር፤ በር ለምትሠራ ሴት ይሄ ወዲያው ገባት። ሹሩባዋን ወደ ኋላ አስያዘች፣ እጀታው ቀጭን የሆነ መነጽር ፈለገች። ከሥራ ጓደኞቿም ጋር ተነጋገሩ፤ የሚፈልጋት ሰው ከኋላ አይጣራም፣ መጥቶ ፊቷ ይቆማል። በቃ፣ የእሷ አለቀ።

መከራው የኔ ነበር። በዱሬቲ ቀንቼ ያንኑ ቢጫ ዕቃ ተውሼ ሆቴሉ መድረክ ላይ ወጣሁ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ እንግዳ ሙዚቃው እረፍት ሲያደርግ ጠጋ ብለው «ይቅርታ ወንድሜ፣ አውሮፕላኑ የሚያርፈው በየት በኩል ነው?» አሉኝ። ባንዱ ለሳምንት በዚህ ሲስቅ ኖረ።

ቀጥሎ ስፖንጁን ሞከርኩ፤ ጣት ጫፍ የምታክል፣ ለስላሳ የጆሮ መድፈኛ ነች። ሲስተር እንዳስተማረችኝ በጣቶቼ አጥብቄ እንደ ክር ጠቀለልኳት፣ በሌላው እጄ ጆሮዬን ወደ ላይ ሳብኩ፣ አስገባሁና ውስጥ ገብታ እስክታብጥ ያዝኳት። ቦታው ላንጋኖ ነው፣ ሐይቁ ዳር፣ የቀን ሠርግ። እትዬ፣ በጣም ሠራች። ዓለም ጸጥ አለች። የሚሰማኝ በደረቴ የሚገባው የትልቁ ከበሮ ምት ብቻ ነበር። ደስ አለኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ መታሁ።

ለካ ዘፈኑ አልቋል። ባንዱ አቁሟል። የሙሽራው አባት ለምርቃት ተነስተው እጃቸውን ዘርግተዋል። እሳቸው «ውለዱ» ሲሉ እኔ ዱም፣ «ክበዱ» ሲሉ እኔ ዱም ዱም። ዓይኔን ስገልጥ የባንዱ መሪ ኢዩ ከኪቦርዱ ኋላ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያየኛል፣ ሠርገኛውም ሁሉ ያየኛል። ሽማግሌው ግን ታጋሽ ሰው ነበሩ። «ተዉት፣ ይጨርስ፤ ስለት ያለበት ነው የሚመስለው» ብለው ነበር አሉ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ኢዩ አልጮኸም። ዝግ ብሎ፣ ፊቴን እያየ፣ «ወይ ጆሮህን ትጠብቃለህ ወይ ሥራህን። ሻሸመኔ አንድ ጎበዝ ልጅ አይቻለሁ» አለኝ። ይህን ቃል በቃል ሰማሁት።

ቤት ገብቼ ለዱሬቲ መከላከያ የሚሉትን ነገር እንደተውኩት፣ ድራም መቺ ያልሰማውን ሊመታ እንደማይችል ነገርኳት። እሷም መለሰች። «ድራሙን ሌላ ሰው ይመታዋል። እኔን ግን ሌላ ሰው አይሰማኝም።» በማግስቱ ክሊኒኩ ተመልሼ ሄድኩ።

ሲስተር በድሪያ የላንጋኖውን ታሪክ ስትሰማ ያን የቆጠበችውን ሳቅ ሁሉ በአንድ ቀን አወጣችው። ከዚያ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። ስፖንጅ ከድምፅ ሁሉ ይልቅ ቀጫጭኖቹን ይበልጥ ይውጣል፤ ለፋብሪካ ሰው ጥሩ ነው። ሙዚቃ ግን ከላይ ከላይ ሲቆረጥ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደሚዘፈን ይሆናል። ለሙዚቀኛ ደግሞ መሐሉ ላይ ትንሽ ማጣሪያ ያላት፣ ወፍራሙንም ቀጭኑንም እኩል ዝቅ የምታደርግ ሌላ ዓይነት አለች። «ሬዲዮ ዝቅ እንደማድረግ ነው። ዘፈኑ ያው ነው፤ ጩኸቱ ብቻ ይቀንሳል። ግን ከስፒከሩም ትንሽ ራቅ በል፤ እሷም ብትሆን አቅሟ የተወሰነ ነው» አለችኝ። አዲስ አበባ ባለች ባልደረባዋ በኩል አስመጣችልኝ። ሦስት ትናንሽ ጃንጥላ አንዱ ባንዱ ላይ የተደፋ የምትመስል የላስቲክ ነገር ነች፤ ከሩቅ አትታይም።

መጀመሪያ ባደረግኳት ምሽት ዘፈኑ ሲጀመር የተሳሳትኩ መሰለኝ። ሁሉ ነገር ለየብቻው ይሰማኛል። ሲምባሉን ስነካው ከዚያ በፊት በጩኸቱ ውስጥ ይጠፋብኝ የነበረ «ሽሽ» የሚል ድምፅ አወጣ። የኢዩን ኪቦርድ ሰማሁት። ጊታሩንም ሰማሁት፤ ጊታሩ ከቅኝቱ ወርዷል። በእረፍት ሰዓት ተናገርኩ። ማንም አላመነኝም፤ ሲለካ እውነት ሆነ። ጊታሪስቱ እስከዛሬ በሙሉ ዓይኑ አያየኝም።

ሆቴሉ ሲዘጋ ዕቃ ስጠቀልል ኢዩ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ስለ ሻሸመኔው ልጅ ሊነግረኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ዙሪያውን አየት አደረገና «ያቺን ነገር ከየት ነው ያመጣሃት?» አለኝ። «እኔም ጋ ይጮሃል» አለ። «ስተኛ በተለይ። ሬዲዮ ካልከፈትኩ እንቅልፍ የለም። ለማንም አልተናገርኩም።» ይሄን ሰው እኮ ባንድ መድረክ ስንት ዘመን አውቀዋለሁ። ሁለታችንም ያንኑ ፉጨት እየሰማን፣ አንዳችን ለሌላው ሳንተነፍስ ኖረናል። በሳምንቱ ሲስተር ጋ ወሰድኩት። ዛሬ ባንዱ ውስጥ ያላደረገ ጊታሪስቱ ብቻ ነው፤ እሱም ኩርፊያው ሲበርድለት ይመጣል።

የኔ ፉጨት አልጠፋም። ሲስተርም እንደሚጠፋ ቃል አልገባችልኝም። ግን አልጨመረም። ቤት ውስጥ ስናወራ ተያይተን እናወራለን፤ አንዳችን ካልሰማን «አልሰማሁም» እንላለን። መጀመሪያ ላይ ይቺ ቃል ምላሳችን ላይ ከብዳን ነበር።

እና እትዬ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ተጣልተናል። አሁን የምሬን ነው። ባንዱ ላንጋኖ ላይ ለአንድ ዓመት የሚያስቀምጥ ሥራ አግኝቷል። ዱሬቲ ደግሞ አዳማ ላይ የራሷን ብረት ቤት ልትከፍት ቦታ አይታለች። እኔ እንሂድ አልኩ፣ እሷ እንቆይ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፉ ቃል ተነጋገርን፤ እሷ አለቀሰች፣ እኔ በር ዘግቼ ወጣሁ። ሁሉም ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ስለነበር አንድም ሰው አልሰማም። በእርስዎ ክፍል የገባችው ሙሉአለም ጠዋት ቧንቧው ጋ አግኝታኝ «እንደናንተ ያለ ሰላማዊ ባልና ሚስት አይቼ አላውቅም» ስትለኝ ባልዲዬን አንስቼ ገባሁ።

ባለፈው ሳምንት አቶ ሰይፈሚካኤልን መንገድ ላይ አግኝቻቸው ስለ እርስዎ ጠየቅኳቸው። ያኔ ትዳርዎ ውስጥ የነበረውን ዱላ፣ ግድግዳው ማዶ የሰሙት ጎረቤቶችም ሁሉ ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጉ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ቤት ሄጄ ለዱሬቲ ነገርኳት፤ ከተኳረፍን ወዲህ መጀመሪያ የተነጋገርነው ስለ እርስዎ ነው። ግቢው ሁሉ ሳቀ፤ ግን ክፉ ነገር ሰማሁ ብሎ ከመቀመጫው የተነሳ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። የሰሙት ስህተት ሊሆን ይችላል። መነሳትዎ ግን ስህተት አልነበረም።

ስለዚህ ሽማግሌ እንዲሆኑን እንለምንዎታለን። ላንጋኖና አዳማ ላይ አልተስማማንም፤ በእርስዎ ላይ ግን ሁለታችንም ተስማምተናል። በመጪው እሑድ አርሲ ነገሌ መጥተን እንወስድዎታለን። ኦቦ ጆቴም ይኖራሉ፤ እንደማይስቁ ቃል ገብተዋል፣ እኔ ግን ብዙም አላምናቸው። ለማን ቢፈርዱ እንደሚሻል አላውቅም። ለእሷ ቢፈርዱ እንኳ ቅር አይለኝም፤ ይሄን ግን ለእሷ አይንገሩብኝ።

ድምፅዎን ከፍ ማድረግ አያስፈልግዎትም። ፊት ለፊትዎ ተቀምጠን እንሰማዎታለን።

አክባሪዎ
ይትባረክ

ዱሬቲም ከጎኔ ሆና አንብባዋለች፤ ከመጨረሻው አንቀጽ በፊት ያለውንም ጭምር።